ወደ መሰላሉ አትምጪ

"እየተከተሉኝ ነው" አለችኝ እህቴ፣ ጸጉሯን በፎጣ እየጠቀለለች።

እኔ የመሰለኝ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመው የሚለክፉን ጎረምሶች ናቸው። "ከየት ጀምረው?" አልኳት። "ለጋሼ ነግረሽዋል? ነገ እሱ ይሸኘን።"

"ከመሰላሉ ጀምረው ነዋ። ጋሼሽ ደግሞ ምን ሊያደርጋቸው ነው? ገብቶ በጥፊ ሊላቸው?"

"ማንን ነው የምታወሪው?"

"አንቺ ደግሞ! ሻርኮቹን ነዋ።"

ተሳሳቅን። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመችው፤ ፎጣውንም ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላ እንደገና ፈታችው።

የምንሠራው የባሕር እንስሳት ለሕዝብ በሚታዩበት ቤት ነው። እሷ ጠላቂ ናት። በሩ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ትልቁ ገንዳ ውስጥ እየገባች መስታወቱን ከውስጥ በኩል በስፖንጅ ታጸዳለች። እኔ ውሃውን እለካለሁ፤ ጨዋማነቱን፣ ሙቀቱን፣ ንጽሕናውን። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ባሕር እንስሳት ስለሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ብዙ የምናገረው ሊኖረኝ ይገባ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ግን አንገቴን ደፍቼ ወደ ብልቃጦቼ እመለሳለሁ። እህቴ ሚጢ የምትለኝ ለዚህ ነው፤ ቁመቴማ ከእሷ ይበልጣል።

"እንዴት አድርገው ነው የሚከተሉሽ?" አልኳት።

"ስገባ ይጠብቁኛል፣ ስወጣ ይሸኙኛል። ዛሬ እሜቴ ታፋዬን በአፍንጫዋ ገፋችኝ። አልነከሰችኝም። ገፋ አድርጋ ብቻ ሄደች።"

እሜቴ የምትላት ትልቋን ሴት ሻርክ ነው። ስሙን ያወጣችላት ራሷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ ሁሉ መንገድ እየለቀቀላት ስለምትሄድ።

"ለአለቃ ንገሪያቸው እንጂ እታለም።"

"ነገርኳቸው። 'ርቧቸው ይሆናል፣ ምግብ ይጨመርላቸው' አሉ። ይልቅ አንቺ አትፍሪልኝ። ዓሣ ነው እኮ።"

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።"

"ሟርተኛ!" አለችና በእርጥቡ ፎጣ ጀርባዬን አጮለችኝ።

ከዚያ ገንዳ መውጫው አንድ መሰላል ብቻ ነው። ግድግዳው ከውሃው በላይ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እንስሳቱ ዘለው እንዳይወጡ ደግሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። መሰላሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ መርገጫዎቹ ድቡልቡልና አንሸራታች ነበሩ። አንድ ቀን እህቴ የአየር ሲሊንደሯን እንዳዘለች አንሸራትቷት ጉልበቷ ተላጠ። ባሏ ከመንገዱ ማዶ የአልሙኒየም በርና መስኮት ይሠራል፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ጉልበቷን ሲያይ ሄዶ ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰፋፊ መርገጫዎች ሠራ፣ እግር እንዲቆነጥጡ ላያቸውን በመስመር በመስመር ሸካራ አደረገው። መሰላሉ ለጽዳት የወጣ ዕለት በአሮጌዎቹ ላይ በብሎን አሰራቸው።

"ከእንግዲህ እንደ ሙሽራ ነው የምትወርጂው" አላት።

"ሙሽራ ሲሊንደር ታዝላለች እንዴ?" አለችው፤ ደስ ብሏት ግን ነበር። አለቃም መጥተው በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው አዩና "እጅህ ይባረክ" አሉት።

ሻርኮቹ መለወጥ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ግን በዚያው ሰሞን የሚበሉት ዓሣም ተቀይሮ ነበር፤ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ምግቡ ሄደ። ስለ መሰላል ማን ያስባል?

ምግቡ ተጨመረ። ሻርኮቹ ጠገቡ፤ ሆዳቸው ተንዘርጥጦ እንኳ ይታያል። መዞር ግን አቆሙ። ድሮ ገንዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያካልሉት፣ አሁን በአንድ ወገን ተሰብስበው እዚያው ይሽከረከራሉ። እኔ ውሃውን በየቀኑ እለካለሁ፤ ጨዉ ልክ ነው፣ ሙቀቱ ልክ ነው። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ የሆነ ነገር ልክ አለመሆኑ ከምንም በላይ ያስፈራ ነበር።

እህቴ ለባሏ አልነገረችውም። "ሥራ እንዴት ዋለ?" ሲላት "ደህና" ትለዋለች። እኔ ግን አብሬያት አድጌያለሁ። ስትፈራ ታንጎራጉራለች፤ ዜማው የትም አይደርስም፣ አንዱን ቦታ ይዛ ትመላለስበታለች። በዚያ ሰሞን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ታንጎራጉር ነበር። አንድ ጠዋት የጠላቂ ልብሷን ዚፕ መሳብ አቅቷት እኔ ሳብኩላት።

"ዛሬ ይቅርብሽ" አልኳት።

"ዛሬ ከቀረሁ ነገ አልገባም፣ ሚጢ። ራሴን አውቀዋለሁ። አንዴ ከፈራሁት በቃ፣ አበቃ።"

ገባች። እኔ ብልቃጤን ይዤ ከላይ፣ መሰላሉ አጠገብ ተንበረከክሁ። እሷ እንደ ሁልጊዜው ሻርኮቹን አልፋ፣ ወደ ማዶ ወደ መስታወቱ ዋኘች። ልቤ ተንጠልጥሎ አየኋት። አልተከተሏትም።

አንዱም አልተከተላትም።

እዚያው መሰላሉ ሥር ቀሩ። ብልቃጤን በገመድ ወደ ውሃው ላወርድ ስጎነበስ መርገጫዎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ፤ ውሃው ሲነካው ብን ብሎ ይበተናል። ከሥሩ አንድ ሰፊ ጥላ ቀስ እያለ ወጣ። እሜቴ ነበረች። አፍንጫዋን ወደ መርገጫው አስጠጋች፣ ቆም አለች፣ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ትመስል ነበር። ከዚያ አፏን ከፍታ ነከሰችው።

የጥርሷን ድምፅ ሰማሁ። ምግብ የለበትም። ደም የለበትም። ሰው የለበትም። ብረት ነው።

ብልቃጡ ከነገመዱ ከእጄ አምልጦ ሰመጠ።

ሻርክ አፍንጫው ዙሪያ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጣቸው በዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። በእነሱ አማካይነት ውሃ ውስጥ ያለ ኮረንቲ ይሰማዋል፤ እጅግ ትንሹ ሳይቀር። አሸዋ ሥር የተቀበረ ዓሣ አይታይም፣ አይንቀሳቀስም፤ ግን ልቡ ይመታል፣ ሲተነፍስም ጡንቻው ይሠራል። ከዚያ የሚወጣው ኢምንት ኮረንቲ ያጋልጠዋል። ሻርክ ሊነክስ ሲቀርብ በመጨረሻ የሚያምነው ዓይኑን አይደለም፣ ይህንን ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ደግሞ ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ባትሪ ይሆናሉ፤ አንደኛው እየተበላ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ጋሼ ለሚስቱ መርገጫ ሠራሁላት ብሎ ገንዳው ውስጥ ባትሪ ሰቅሎባት ነበር።

ሲከተሉ የከረሙት እሷን አልነበረም። መሰላሉን ነው። መርገጫው ላይ የቆመ እግር ደግሞ ለእሜቴ ከመርገጫው ተለይቶ አይታያትም።

ወደ ታች፣ ጎብኚዎች ቆመው ወደሚያዩበት አዳራሽ የሚወስደውን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አለቃ የሻይ ብርጭቆ ይዘው መስታወቱ ፊት ቆመዋል። እህቴ ከመስታወቱ ወዲያ ተንበርክካ ጥጉን ታሻለች። ከኋላዋ፣ በመሰላሉ በኩል፣ ሻርኮቹ አንድ ላይ ጠቁረው ይታያሉ።

"የዛሬውስ አላማረኝም" አሉ አለቃ፣ የመጣሁት እኔ መሆኔን እንኳ ሳያዩ። "ትውጣ በቃ።" እጃቸውንም ወደ መብራቱ ማብሪያ ሰደዱ።

የቤታችን ደንብ እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ከውጭ የምንነግረው አንድ ነገር ብቻ አለን። የአዳራሹ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ "የያዝሽውን ጥለሽ ውጪ" ማለት ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ጠላቂው ወዲያው ወደ መሰላሉ ይዋኛል። "ባለሽበት ቆይ" የሚል መብራት የለንም። አደጋው መውጫው ላይ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እጃቸውን ያዝኩ። እኔ እንኳን እጃቸውን ልይዝ፣ ቀና ብዬ አይቻቸውም አላውቅም። ሻዩ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?"

"አያብሩት። መሰላሉ ኮረንቲ አለው።"

"ማነው ገመድ ያስገባው?"

"ገመድ አይደለም፣ አልሙኒየሙ ነው። ከብረቱ ጋር ሲነካካ... እየነከሱት ነው። አሁን ከወጣች እግሯን ነው የሚይዙት።"

ቃላቱ እየተደነቃቀፉ ነው የወጡት፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ዞር ብለው ግን መሰላሉን አዩ። በዚያው ቅጽበት እሜቴ የታችኛውን መርገጫ ነክሳ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። መሰላሉ ግድግዳውን ሲመታ ንዝረቱ እግራችን ድረስ ተሰማን። አለቃ እጃቸውን ከማብሪያው ላይ አነሡና፣ እምቢ እንዳይላቸው የፈሩ ይመስል፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"አየሯ ያቆያታል?" አሉኝ።

"ብዙ አያቆያትም።"

ድምፁን እህቴም ሰምታዋለች። ዞረች፣ አየች፣ ስፖንጇን ቀበቶዋ ላይ ሰካች። ልትወጣ ነው። መስታወቱን ልደበድብ እጄን አንሥቼ ተውኩት፤ ድምፅም ይጠራቸዋል። እጄን አወዛወዝኩላት። አየችኝ፤ ግን ምን እንደምል አልገባትም፣ ትከሻዋን ሰበቀች።

ልጆች ሳለን አባታችን ተቆጥቶ ወደ ቤት የገባ ዕለት፣ መጀመሪያ ያየችው ለሌላዋ መዳፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቁጭ ትላለች። "አትምጪ፣ እዚያው ሁኚ" ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ አድርገነው አናውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና መዳፌን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ።

ዓይኖቿ ከመነጽሩ ውስጥ ፈጠጡ። ወደ መሰላሉ አየች፤ ወደኔ ተመለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፣ መዳፏንም ደረቷ ላይ አደረገች።

አለቃን "እዚህ ሆነው የሚያዩትን በስልክ ይንገሩኝ፣ መብራቱን እንዳይነኩ" አልኳቸው። እሳቸውን ያዘዝኩ መሆኔ ትዝ ያለኝ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። እየሮጥኩ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"መፍቻህን ይዘህ ና!"

"ምን ተሰበረ? መስኮት ነው?"

"ና ብቻ!"

ሽርጡን እንደለበሰ፣ የአልሙኒየም ብናኝ ጸጉሩ ላይ እንዳለ መጣ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። ወደ መሰላሉ አየ፣ ወደ ውሃው አየ፣ ከዚያ የራሱን እጆች አየ።

"በኔ እጅ?" አለ።

"ጋሼ፣ ኋላ ታዝናለህ። አሁን ፍታው።"

መሰላሉ ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለው በብሎን ነው። አንዳንዶቹ ወዲያው ተፈቱ። አንዱ ግን ጨው በልቶት አልነቃነቅ አለ። ጋሼ መፍቻው ላይ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ፤ መዳፉ ተልጦ ደማ። ደሙ ወደ ውሃው እንዳይንጠባጠብ ፎጣ ጠመጠምኩለት። ከጎኔ፣ ወለሉ ላይ ካስቀመጥኩት ስልክ፣ የአለቃ ድምፅ ይመጣል።

"ቁጭ እንዳለች ናት። አረፋዋ ደህና ነው። እነሱ መሰላሉ ጋ ናቸው። ቁጭ እንዳለች ናት።"

ብሎኑ ጮኸና ለቀቀ።

ሁለታችን ይዘን ሳብን። መሰላሉ ትንሽ ከፍ አለና ተያዘ። እሜቴ ነክሳዋለች። ወደ ታች ስትጎትተው ጋሼ እስከ ወገቡ ከጠርዙ አለፈ፤ ሽርጡን ይዤ ወደኋላ ተቀመጥኩ። ግራጫ ፊቷ ከውሃው ብቅ አለ፣ ምንም የማትል ትንሽ ዓይኗ እኛን አየች ወይም አላየችንም፣ ከዚያ ጥርሷን መርገጫው ላይ ትታ ወደቀች። የተረጨው ውሃ አፌ ውስጥ ገባ። መሰላሉን ጎትተን አወጣነውና ወለሉ ላይ ጣልነው።

"ተበተኑ!" አለ ስልኩ። "ተመስገን፣ ተበተኑ!"

ጋሼ እያለከለከ ሳቀ። እኔ ግን አሁን ገና ታወሰኝ። ለስንት ቀን ሲጠራቸው የነበረው ነገር ጠፍቷል፤ ሻርኮቹ እየፈለጉት ነው። ውሃው ውስጥ ከእነሱ ሌላ ኮረንቲ ያለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የእህቴ ልብ።

ለጋሼ አልነገርኩትም። ስልኩ ነገረው።

"እሜቴ ዞረች" አሉ አለቃ። "በታች በኩል... አሸዋውን እያሸተተች... ወደዚህ ነው የምትመጣው።"

"አለቃ?"

"ፊቷ ቆማለች።"

"አለቃ፣ ይናገሩ!"

"አፍንጫዋን..." ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። "አፍንጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋለች። እጇ ላይ።"

"እሷስ ምን እያደረገች ነው?" አለ ጋሼ።

"ምንም። ቁጭ ብላለች።" ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ "አረፋ የለም።"

ጋሼ ተነሣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝና እግሩን አቀፍኩት። "ልቀቂኝ!" አለ። "አረፋ የለም አላሉም? ልቀቂኝ!"

"ትንፋሿን ይዛ ነው! አንተም ልብ አለህ፣ ጋሼ! ብትገባ ሁለት ይሆናል፣ ዘለህ ስትወድቅ ደግሞ ሁሉንም ትጠራቸዋለህ!"

በእግሩ ይዞኝ እርጥቡ ወለል ላይ ጎተተኝ። አልለቀቅኩትም። ከስልኩ የሚመጣው የአለቃ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም አብረዋት ይዘው አንዳንዴ እየተሳናቸው የሚለቁት ትንፋሽ። ውሃው ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው። መብራቱ ያርፍበታል፣ ያምራል እንኳ። ከሥሩ እህቴ አለች፣ ልቧ ላይ አፍንጫ ተደግኖባት፣ ልቧን ዝም ማሰኘት ደግሞ የሚችል ሰው የለም።

"ጅራቷን..." አሉ አለቃ። "ጅራቷን አንቀሳቀሰች። ዞረች። እየሄደች ነው። ልጆች፣ እየሄደች ነው!" ወዲያው ደግሞ ጮኹ፣ "አረፋ! አረፋ አለ!"

ጋሼ አጠገቤ ቁጭ አለ።

መቀመጥ ግን ገና ነበር። ምግቡን የምናወርድበትን ቅርጫት ብንሰድላት ምግብ መጣ ብለው ይሰበሰባሉ። ወለል የምናጥብበትን ወፍራም የውሃ ጎማ ከግድግዳው አወረድኩ። ጫፉ ላይ ያለውን የነሐስ አፍ ጋሼ በቢላ ቆርጦ ጣለው፣ ብረት የሚባል ነገር እንዳይቀርበት። ቀለበት አድርገን ቋጠርነውና መሰላሉ በነበረበት ቦታ ለቀቅነው።

"አለቃ፣ አሁን ያብሩት" አልኳቸው።

ቀዩ መብራት ውሃውን ከሥር አቀላው፣ ጠፋ፣ አቀላው። ረዥም ጊዜ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ራሷ ብቅ አለ። ቀለበቱን በብብቷ አስገባች፣ የወገቧን ክብደት ፈታች፣ ሲሊንደሩን ከጀርባዋ ለቀቀች፤ ሰመጠ። ሳብን። ጎማው እጃችን ላይ ይንሸራተታል፤ ጋሼ ወገቡ ላይ ጠመጠመውና ወደ ኋላ ተራመደ። ትከሻዋ የታጠፈውን ጠርዝ አለፈ፣ ከዚያ ወገቧ። እግሯ ገና ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ጥላ በሥሩ አለፈ፤ ቀና አላለም። ጉልበቷን ይዤ ወደኛ ገለበጥኳት።

ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች። መነጽሯን አወለቅኩላት። ጋሼ በፎጣ የተጠቀለለ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ሊቀርባት አልደፈረም።

"ስታዳምጠኝ ነበር፣ ሚጢ" አለች። "ልቤን። ዝም በል እለዋለሁ፣ ይብስበታል።"

"እታለም፣ አትናገሪ። አርፈሽ ተንፍሺ።"

ጋሼን አየችው። "ና" አለችው። መጥቶ ሲንበረከክ ሽርጡን ጨምድዳ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችው። "አንተ ከእንግዲህ መስኮት ብቻ ሥራ" አለችውና ማልቀስ ጀመረች። እሱ ቀድሟት እያለቀሰ ነበር።

አለቃ ደረጃውን ወጥተው መጡ። አንድ ጫማቸው በሻይ እንደራሰ ነው። ኮታቸውን አውልቀው አለበሷት።

ያን ቀን ቤቱ ለጎብኚ አልተከፈተም፤ አለቃ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ መለሱ። ጋሼ መርገጫዎቹን በሙሉ ፈታቸው። እህቴ ልብሷን ቀየረች፣ እኔ ቦርሳዋን ያዝኩላት፣ ሦስታችንም በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።